የተማሪው ደብተር፦ ፍልስፍና በማን እጅ ይቆያል?

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ባለበት ቤት ከቁም ሣጥን ላይ ወይም ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን አይታጣም። ሞጁል፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሃንዳውት፣ የድሮ ፈተናና ጠርዙ የተጣጠፈ ደብተር ይዟል። ከደብተሮቹ አንዱ ሽፋኑ ላይ «ሎጂክ» ይላል። ባለቤቱ ዛሬ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ወይም ባለሱቅ ሊሆን ይችላል፤ ፍልስፍና የተማረው ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። ደብተሩ ግን አልተጣለም።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ደብተር ነው። ጉዳዩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ዓለም ዛሬ ከሚያነባቸው ታላላቅ የፍልስፍና መጻሕፍት መካከል ግን ጥቂት የማይባሉት እንዲህ ካለ ደብተር የተገኙ ናቸው። መምህሩ ተናገረ፤ ተማሪው ጻፈ፤ መምህሩ ሞተ፤ ደብተሩ ቀረ። የዚህን ታሪክ አካሄድ በደንብ ያየ ሰው ግን አንድ ሌላ ነገርም ይገነዘባል። ማስታወሻ በመቀመጡ ብቻ ፍልስፍናን አላቆየም። ያቆየው፣ ያዡ ከመምህሩ ቃል ጋር ሲነጋገርበት፣ ሲጠይቀውና የራሱን ሲጨምርበት ነው።

በደብተሩ ውስጥ ያለው

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በአቅራቢያዋ ባለችው ጉብሬ ነው። ቡታጅራ በሌላኛው አቅጣጫ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ከሁለቱ ከተሞች የሚወጣ ተማሪ በምደባ ወደ ጎንደርም፣ ወደ ሐዋሳም፣ ወደ ጅማም ይሄዳል፤ ከሌላ ክልል የመጣውም ጉብሬ ይማራል። የትም ይመደብ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ ከፍልስፍና ጋር ይገናኛል። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች እንደገና ሲደራጁ «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» የተባለው ኮርስ የተፈጥሮ ሳይንስም የማኅበራዊ ሳይንስም ተማሪ የሚወስደው ሆነ። ከዚያ በፊትም ሎጂክ በብዙ የትምህርት ክፍሎች ይሰጥ ነበር።

ስለዚህ ደብተሩ ውስጥ የሚገኘው ነገር በአብዛኛው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ፍልስፍና ምን እንደሆነና ቅርንጫፎቹ ይመጣሉ፤ ስለ ሕልውና፣ ስለ ዕውቀት፣ ስለ መልካምና ክፉ፣ ስለ ትክክለኛ አስተሳሰብ። ቀጥሎ የክርክር አካላት፦ መነሻ ሐሳብና ድምዳሜ። ከዚያ ዲዳክቲቭና ኢንዳክቲቭ የሚባሉት ሁለት የአስተሳሰብ መንገዶች፤ የቋንቋና የትርጓሜ ነገር፤ በመጨረሻም ፋላሲዎች፣ ማለትም ክርክር የሚመስሉ ግን የማይቆሙ አነጋገሮች ዝርዝር። ደብተሩ ላይ ከሁሉ የሚበዛው ይህ ዝርዝር ነው፤ ፈተና ላይ ስለሚመጣ በሁለት መስመር ይሰመርበታል።

ይህን ደብተር ልዩ የሚያደርገው ግን የተጻፈበት ሁኔታ ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ሰሌዳው ወይም ስላይዱ እንግሊዝኛ፣ የመምህሩ ማብራሪያ ብዙ ጊዜ አማርኛ የተቀላቀለበት፣ ተማሪው ዶርም ገብቶ ከአገሩ ልጅ ጋር ሲወያይበት ደግሞ ጉራጊኛ ወይም ስልጢኛ ነው። ሐሳቡ በእነዚህ ሁሉ በኩል አልፎ ነው ወረቀት ላይ የሚያርፈው። በእንግሊዝኛው ትርጉም ጎን በአማርኛ የተጻፈች አጭር ማብራሪያ፣ ከእርሷ በታች ደግሞ ከቤት የመጣ ምሳሌ ብትገኝ፣ ያቺ ገጽ ከሞጁሉ የበለጠ ዋጋ አላት። ሞጁሉ በሁሉም ግቢ አንድ ነው፤ ያቺ ገጽ ግን አንድ ሰው በአንድ ቦታ ሐሳቡን ሲረዳው የተያዘች ማስረጃ ናት።

የጉራጌ አገር ልጅ በዚህ መንገድ ሲጽፍ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ሲማር ስለ ትውልድ መንደሩ ሕይወት በቸሃ ቋንቋ በግዕዝ ፊደል ጻፈ፤ ጽሑፉን የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት «የሽነጋ መንደር» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ተማሪ በትምህርት ላይ እያለ በራሱ ቋንቋ የያዘው ጽሑፍ የት ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ይከብዳል።

መምህሩ ያቃጠለውን ተማሪው አቆየው

ሶቅራጥስ ምንም አልጻፈም። የምናውቀው ፕላቶንና ዜኖፎን ስለጻፉለት ነው። የአርስቶትል ነገር ደግሞ ተቃራኒውን ይመስላል፦ ለሰፊው አንባቢ የጻፋቸው ምልልሶች ጠፍተው፣ በእጃችን የቀሩት በአብዛኛው ለትምህርት ቤቱ የተዘጋጁ፣ የሌክቸር ማስታወሻ ጠባይ ያላቸው ጽሑፎች ናቸው። አንባቢ አርስቶትልን ሲያነብ ደረቅነቱና መቆራረጡ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፤ የሚነበበው ነገር ለመስማትና ለመወያየት የተዘጋጀ ነበር።

ኤፒክቴተስ ባሪያ ሆኖ የኖረ፣ በኋላም ነጻ ወጥቶ በኒኮፖሊስ ከተማ ትምህርት ቤት የከፈተ ፈላስፋ ነበር። እርሱም አልጻፈም። ከተማሪዎቹ አንዱ አሪያን፣ መምህሩ የሚናገረውን በተቻለው መጠን በራሱ በመምህሩ አነጋገር ለራሱ መያዝ ጀመረ። ማስታወሻው ስምንት መጻሕፍት ሞልቶ ነበር፤ አራቱ ደርሰውናል። ዛሬ በእስር ቤትም፣ በሆስፒታል አልጋም ላይ ሆነው የኤፒክቴተስን ቃል የሚያነቡ ሰዎች የሚያነቡት የአሪያንን ደብተር ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ምሳሌው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አዳም ስሚዝ የምጣኔ ሀብት ትምህርት አባት ከመባሉ በፊት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የሞራል ፍልስፍና መምህር ነበር። በ1790 ሊሞት ሲል ያልታተሙ ጽሑፎቹ እንዲቃጠሉ አዘዘ፤ ተቃጠሉም። ስለ ሕግና መንግሥት ያስተማረው ሁሉ አብሮ የጠፋ መስሎ ነበር። ነገር ግን ተማሪዎቹ ጽፈው ነበር። አንደኛው ማስታወሻ በ1896 ታተመ። ሁለተኛው፣ የ1762 እና የ1763ን የትምህርት ዘመን የያዘው፣ በ1958 በስኮትላንድ አበርዲን አካባቢ ከአንድ የገጠር ቤት መጻሕፍት መካከል ተገኘ። መምህሩ እንዳይቀር የፈለገውን ትምህርት የማይታወቁ ተማሪዎች ደብተር ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ጠብቆ አቆየው።

ጀርመናዊው ሔግልም እንዲሁ ነው። በ1831 ሲሞት በስሙ የታተሙት መጻሕፍት ጥቂት ነበሩ። ስለ ሥነ ጥበብ ያስተማረውን ከሞቱ በኋላ ተማሪው ሆቶ ከመምህሩ ጽሑፍና ከተማሪዎች ማስታወሻ አዋሕዶ ከ1835 ጀምሮ አሳተመ። መጽሐፉ ዝነኛ ሆነ። ኋላ ላይ ሊቃውንት በሕይወት የቆዩትን የተማሪ ደብተሮች ከታተመው ጋር ሲያስተያዩ፣ የመጽሐፉ አደረጃጀትና አንዳንድ ታዋቂ አገላለጾቹ ከሔግል ይልቅ የሆቶ ሊሆኑ እንደሚችሉ ተከራከሩ። በ2022 ደግሞ ክላውስ ፊቬግ የተባለ የሔግል ተመራማሪ በሙኒክና ፍራይዚንግ ሊቀ ጵጵስና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከ4000 ገጽ በላይ የሆነ ማስታወሻ አገኘ። የጻፈው በሃይደልበርግ ከሔግል የመጀመሪያ ተማሪዎች አንዱ የነበረው ካሮቬ ነው። አንድ ተማሪ በወጣትነቱ የያዘው ነገር ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የታላቅ ፈላስፋን ሐሳብ እንደገና እንድንመረምር በር ከፈተ።

የስዊዘርላንዱ የቋንቋ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሲር ምሳሌ የማስታወሻን ኃይልም አደጋም አንድ ላይ ያሳያል። በጄኔቫ ከ1907 እስከ 1911 ስለ ቋንቋ ጠቅላላ ትምህርት ሦስት ጊዜ ኮርስ ሰጠ፤ በ1913 ሞተ። ባልደረቦቹ ባሊና ሴሼኤ የተማሪዎችን ደብተር ሰብስበው በ1916 በስሙ መጽሐፍ አወጡ። መጽሐፉ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አስተሳሰብ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ እጅግ ሰፊ ነው። ሁለቱ አዘጋጆች ግን ኮርሱን ራሳቸው አልተከታተሉም ነበር፤ ከሁሉ የተሟላው የኤሚል ኮንስታንታን ደብተርም በእጃቸው አልነበረም። እርሱ ወደ ጄኔቫ ቤተ መጻሕፍት የገባው በ1958 ነው። ይህን የሚያውቅ አንባቢ በሶሲር ስም የታተመውን ሲያነብ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፦ ይህ የመምህሩ ነው፣ የተማሪው ነው፣ ወይስ የአዘጋጁ?

ይህ ጥያቄ ለጉብሬውም ደብተር ይሠራል። መምህሩ ያለው የትኛው ነው? ተማሪው የተረዳው የትኛው ነው? ከጓደኛ የተቀዳው የትኛው ነው? መልሱን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱ በሕይወት ሳለ ካልለየው ሌላ የሚለየው የለም።

ወልደ ሕይወት ያደረገው

ከእኛው አገር የሚነሣው ታሪክ ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ነገሩን ያበራል። «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» ራሱ ስለ ጸሐፊው እንደሚተርከው፣ ዘርዓ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሃይማኖት ሲያጣላ ሸሽቶ በዋሻ ተቀመጠ። ኋላ እንፍራዝ ገብቶ ሀብቱ በተባለ ሰው ቤት እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ኖረ። ከሀብቱ ልጆች አንዱ ወልደ ሕይወት ደቀ መዝሙሩ ሆነ። አረጋዊው መምህር ሐሳቡን ወደ ብራና ያሰፈረው ይህ ተማሪ ስለጠየቀው ነው። የመምህሩን መሞት መዝግቦ፣ 93 ዓመት መኖሩን የጻፈውም ተማሪው ነው።

ወልደ ሕይወት በዚህ አላቆመም፤ በራሱ ስም ሌላ ሐተታ ጻፈ። መምህሩ በልቡና መመርመርን ያስተምራል፤ ፈጣሪ ለሰው የሰጠው ብርሃን ልቡና ነው፣ ሰው ሰምቶ ከመቀበሉ በፊት ይመርምር ይላል። ተማሪው ይህን መሠረት ይዞ ወደ ዕለት ኑሮ ይወርዳል፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጎረቤት ይናገራል፣ በምሳሌና በተረት ያስረዳል። መምህሩ ለብቻው ሆኖ ያሰበውን ተማሪው ቤተሰብ ላለው ሰው የሚሆን አደረገው። እኔ በዚህ ምዕራፍ ማስታወሻ «ሕያው ሆነ» የምለው ይህን ነው።

የእነዚህ ሐተታዎች ጸሐፊ ማን እንደሆነ ረጅም ክርክር አለ፤ ያንን መደበቅ ለአንባቢ ታማኝነት አይሆንም። ጽሑፎቹ ወደ አውሮፓ የደረሱት በ1850ዎቹ በኢትዮጵያ በኖረው ጣሊያናዊ ካፑቺን መነኩሴ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው፤ ለአንቷን ዳባዲ ላካቸው፤ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የጻፋቸው ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ተከራከረ። ይህን በዝርዝር መርምረው የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው የተከራከሩት በ1953 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ክላውድ ሰምነር ናቸው። አባ ሰምነር ከ1970ዎቹ አንሥተው «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» በሚል አምስት ጥራዝ አሳተሙ። ክርክሩ ዛሬም አልቆመም፤ በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሲወጣም እንደገና ተነሥቷል። በየትኛውም ወገን ለቆመ ሰው ግን አንድ ነገር አይቀየርም፦ የመጽሐፉ አወቃቀር ራሱ የሚያስተምረው፣ ጥሩ ተማሪ የመምህሩን ቃል ያስጽፋል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያም የራሱን ይጽፋል ብሎ ነው።

አባ ሰምነር ካሳተሟቸው መካከል «አንጋረ ፈላስፋ» የሚባለውም አለ። ይህ በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ፣ የጠቢባን ንግግሮች ስብስብ ነው። ከግሪክ ተነሥቶ፣ በዓረብኛ በኩል አልፎ፣ ግዕዝ ሆኖ የደረሰን ይህ መጽሐፍ የብዙ ሰሚዎች የተቀባበሉት ማስታወሻ ነው ሊባል ይችላል። እያንዳንዱ ተቀባይ የሰማውን ከራሱ እምነትና ኑሮ ጋር እያስማማ አስተላልፎታል። ወደ ግዕዝ የመለሰውም ሰው የቃል ለቃል ባሪያ አልነበረም፤ ለአገሩ አንባቢ እንዲሆን አድርጎ ጽፎታል።

ያልተያዘ ክርክር

ማስታወሻ ባይኖር ምን እንደሚጎድል ለማወቅ ከጉራጌ ምድር መውጣት አያስፈልግም። የሰባት ቤት ጉራጌ ሸንጎ የጆካ ነው፤ የሚፈርድበት ሕግ ቅጫ ይባላል። የክስታኔ ሕዝብ ደግሞ ጎርደና ሴራ አለው። እነዚህ የክርክር ቤቶች ናቸው። ከሳሽ ይናገራል፣ ተከሳሽ ይመልሳል፣ ሽማግሌ የቀደመ ፍርድ እያነሣ ያመዛዝናል፣ ያልረካ ወደ ላይ ይግባኝ ይላል። በሎጂክ ደብተር ላይ «መነሻ ሐሳብ»፣ «ድምዳሜ»፣ «ተቃራኒ ምሳሌ» ተብለው የተጻፉት ሁሉ በዚያ ሸንጎ ስም ሳይሰጣቸው ይሠራሉ። ቅጫው ኋላ ላይ በመጽሐፍ ታትሟል፤ ሕጉ ተያዘ። በየጊዜው የተደረገው ክርክር ግን አብዛኛው በአየር ላይ ቀርቷል።

ከሁሉ የሚቆጨው የየቃቄ ውርድወት ክርክር ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኖረችው ይህች ሴት፣ ወንድ በላይ በላዩ ሲያገባ ሴት ግን ከማትፈልገው ትዳር መውጣት እንዳትችል የሚያስረውን ሥርዓት ተቃውማ፣ ሴቶችን አስከትላ በየጆካ ፊት ቆመች። ታሪኳ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ በዘመናችን ልብ ወለድ ተጽፎበታል፣ በብሔራዊ ቴአትርም መድረክ ላይ ታይቷል። መቆሟን እናውቃለን፤ የጠየቀችውን እናውቃለን። ሽማግሌዎቹ ምን ብለው እንደመለሱላት፣ እርሷም መልሳቸውን በምን ምክንያት እንዳፈረሰችው በተናገሩበት ቃል የያዘ ማንም የለም። በዚያ ሸንጎ ደብተር የያዘ አንድ ወጣት ቢኖር ኖሮ ዛሬ በዓለም ላይ ሴት ልጅ ስለ ፍትሕ ካደረገቻቸው ክርክሮች ተርታ ልናስተምረው የምንችል ጽሑፍ በእጃችን ይገኝ ነበር።

የተያዘውም ሁሉ አልቆየም። በደርግ ዘመን መጀመሪያ የነበረው ትውልድ በዲያሌክቲካልና በታሪካዊ ማቴሪያሊዝም ዙሪያ ደብተሩን ሞልቶ ጽፏል፣ በጥናት ቡድንም ተከራክሯል። ቀይ ሽብር ሲመጣ ግን ወረቀት ራሱ የወንጀል ማስረጃ ሆነ። እናቶች የልጆቻቸውን መጻሕፍትና ማስታወሻ ምድጃ ውስጥ ጨመሩ፣ ጓሮ ቀበሩ። የዚያ ዘመን ልጆች ምን እንዳመኑ ከመግለጫዎች እናውቃለን፤ ለብቻቸው ሲሆኑ ምን እንደተጠራጠሩ የሚነግረን የግል ደብተር ግን ጥቂት ነው። አንድ ትውልድ ያሰበውን በሙሉ ለመረዳት የሚያስፈልገው ደግሞ በትክክል ይኸኛው ነው።

ከደብተሩ ወደ ከተማው

የተቀመጠ የሎጂክ ደብተር ሕያው የሚሆነው ባለቤቱ በሚኖርበት ከተማ ላይ ሲሞክረው ነው። ሁለት ምሳሌ ላንሣ።

የመጀመሪያው፣ ደብተሩ ላይ «ቫሊድ» እና «ሳውንድ» ተብሎ የተለየው ነገር ነው። እንዲህ ይባል፦ «ጉራጌ ሁሉ ነጋዴ ነው። ይህ ሰው ጉራጌ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ነጋዴ ነው።» አካሄዱ ትክክል ነው፤ ሁለቱ መነሻዎች እውነት ቢሆኑ ድምዳሜው ከእውነትነት አያመልጥም። ቫሊድ ማለት ይህ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው መነሻ ሐሰት ነው። ጉራጌ ገበሬ አለ፣ እንሰት ስትፍቅ የምትውል እናት አለች፣ ሐኪም፣ ወታደር፣ ሼህ፣ ቄስ፣ ሠዓሊ አለ። ስለዚህ ክርክሩ ቫሊድ ቢሆንም ሳውንድ አይደለም። ተማሪው ይህን በሞጁሉ የእንግሊዝኛ ምሳሌ ቢማረው ለፈተና ያልፍበታል። በራሱ ሕዝብ ላይ ሲነገር በሰማው አባባል ሲፈትሸው ግን አንድ ሌላ ነገር ያገኛል፦ ስለ አንድ ሕዝብ «ሁሉ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር፣ ምስጋናም ቢሆን፣ ምን ያህል በቀላሉ እውነት መስሎ እንደሚያሳስት። ያንኑ ፍተሻ ስለ ሌላው ብሔር በሚነገረው ላይም ማድረግ ሲችል ትምህርቱ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቡታጅራ ነው። ደብተሩ ኢንዳክሽን በሚለው ርእስ ሥር ከጥቂት ምሳሌ ተነሥቶ ስለ ብዙው መደምደም አደገኛ መሆኑን ይናገራል። «የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ሆኖ ሞተ፣ ስለዚህ የዚህ አገር ሕፃናት በዚህ ነው የሚሞቱት» የሚለው አነጋገር ለሁላችንም ቅርብ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1980ዎቹ አጋማሽ በቡታጅራ ዙሪያ የጀመሩት ጥናት የዚህ አነጋገር መድኃኒት ነው። ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጠው፣ በየቤቱ እየተዘዋወሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያሉ ለዓመታት መዘገቡ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ በየደጃፉ የሞሉት ቅጽ ከብዙ የጥናት ወረቀቶች ጀርባ ይገኛል። ስለ እናቶችና ሕፃናት ሞት፣ ስለ አእምሮ ጤና በኢትዮጵያ ገጠር የምናውቀው ብዙ ነገር ከዚያ መጥቷል። ቡታጅራ ተወልዶ ኢንዳክሽንን የተማረ ልጅ፣ የጠንካራ ኢንዳክሽን ምሳሌ በዓለም ላይ ቢፈልግ ከራሱ ሰፈር የተሻለ አያገኝም። በደብተሩ ዳር ይህን አንዲት መስመር ቢጽፍ፣ ያቺ መስመር የእርሱ ፍልስፍና መጀመሪያ ናት።

የፋላሲዎቹ ዝርዝርም እንዲሁ ነው። በዕድር ስብሰባ ሐሳቡ ቀርቶ ሐሳቡን ያመጣው ሰው ሲሰደብ፣ «ወይ ከእኛ ነህ ወይ ከእነርሱ» ተብሎ ሦስተኛ መንገድ እንደሌለ ሲነገር፣ ሰውየው ያላለውን አጋነው አስብለው ሲያሸንፉት፤ እነዚህ ሁሉ በደብተሩ ላይ በስም ተጽፈዋል። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ስብሰባውን በስድብ ሳይሆን በጥያቄ ወደ ጉዳዩ ሊመልሰው ይችላል። ፋላሲን ሌላውን ለማዋረድ የሚጠቀምበት ግን ትምህርቱን አልተማረውም። የፋላሲ ትምህርት ዓላማ ሁለት ሰዎች እውነትን አብረው እንዲፈልጉ ማስቻል ነው፤ ማንም ቢሆን ደግሞ ከሌላው በፊት መፈተሽ ያለበት የራሱን ንግግር ነው።

ደብተሩ እንዴት ይያዝ

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ በእጅ የሚሠራውን እንናገር። መጀመሪያ ደብተሩ ላይ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በየትኛው ኮርስ እንደጻፈው ይስፈር። ያለዚህ ደብተሩ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስም አልባ ወረቀት ነው። ሁለተኛ፣ የመምህሩ ቃል፣ ከሞጁል የተቀዳውና የራስ ሐሳብ ይለዩ፤ በዳር አንድ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ሆቶና የሶሲር አዘጋጆች ይህን ልዩነት ስላልጠበቁ ነው ሊቃውንት እስካሁን የሚሟገቱት። ሦስተኛ፣ ሐሳቡ በአማርኛም ሆነ በጉራጊኛ ከተጻፈ አይሰረዝ፣ ወደ እንግሊዝኛም «አይስተካከል»። ዋጋው እዚያ ላይ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ በክረምት የወልቂጤ እርጥበት ለወረቀት ጠላት ነው፤ እርሳስ ደግሞ ከቢክ ቀለም ይልቅ ይቆያል። ደብተሩ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ዝገት የሚያመጣ የብረት ስፒልና ክሊፕ ይነሣ፤ የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይለጠፍ፣ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያቃጥለዋልና። እያንዳንዱ ገጽ በስልክ በቀን ብርሃን ፎቶ ይነሣና ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። በቴሌግራም ብቻ የተቀመጠ ፋይል የስልክ ቁጥሩ ከእጅ ወጥቶ አካውንቱ ከጠፋ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ደብተሩ የሌላ ተማሪ ስም፣ ውጤት ወይም ምስጢር ከያዘ ያ ክፍል ለሰው አይሰጥ።

ባለቤቱ ደብተሩን ለሕዝብ ማስረከብ ከፈለገ በቅርቡ ያለው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያው በር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1963 ጀምሮ የእጅ ጽሑፎችን እየሰበሰበ ኖሯል። አንድ የፍሬሽማን ደብተር ብቻውን ትንሽ ነገር ነው። ከተለያዩ ዓመታትና ግቢዎች የተሰበሰቡ ብዙ ደብተሮች ግን ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በዚህ ዘመን ማሰብን እንዴት እንደተማሩ የሚናገሩ ብቸኛ ምስክሮች ይሆናሉ። መጽሐፍ መምህሩ ሊያስተምር ያሰበውን ያሳያል፤ ተማሪው በእውነት የሰማውን የሚያሳየው ደብተር ነው።

ለሁሉም ግን የሚቀድም አንድ ሥራ አለ። የሎጂክ ደብተር ያለህ ወይም ያለሽ ሁሉ፣ ከመጨረሻው ገጽ በኋላ የቀረውን ባዶ ወረቀት ፈልጉ። በዚያ ላይ ከትምህርቱ ያልተስማማችሁበትን አንድ ነገር ከነምክንያቱ ጻፉ፤ በሥራችሁ፣ በቤታችሁ፣ በስብሰባችሁ ያያችሁትን ምሳሌ ጨምሩበት። የምትጽፉት ትልቅ መሆን የለበትም፤ የእናንተ መሆን ግን አለበት። ወልደ ሕይወት ዘርዓ ያዕቆብን ያከበረው ሐተታውን በማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሐተታ በመጻፍ ነው። የሚቀጥለው ትውልድ ከእናንተ ጋር ሊከራከር የሚችለው ያንን ገጽ ከጻፋችሁ ብቻ ነው፤ ፍልስፍናም በወልቂጤና በቡታጅራ የሚቀጥለው በዚያ ክርክር ነው።